ቻርጁ ስንት ነው? ስለ አዮናዊ ውህዶች በሳይንስ ክበብ ቀን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

በቅዳሜ ጠዋት ኬሚስትሪ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ። ወላጆች፣ እናንተም «ይሄ የልጆቹ ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ጨው፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለምንጠጣው ውሃና ስለ ጥርሳችን ነው። ሁላችንንም ይመለከታል።

ርዕሴ አዮናዊ ውህዶች ነው፤ ማለትም ከአዮኖች የተሠሩ ነገሮች። አዮን የምንለው ኤሌክትሮን ለቅቆ ወይም ወስዶ ፕላስ ወይም ማይነስ የሆነ አቶም ወይም የተያያዙ አቶሞች ስብስብ ነው፤ የፕላሱ ወይም የማይነሱ መጠን ቻርጁ ይባላል። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ የአዮናዊ ውህድ ፎርሙላ ምን እንደሚነግረን። ሁለተኛ፣ ፎርሙላውን እንዴት እንደምንጽፈው። ሦስተኛ፣ እነዚህ ነገሮች ለምን እንዲህ ዓይነት ጠባይ እንዳላቸው። በሦስቱም ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እጠይቃችኋለሁ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ቻርጁ ስንት ነው?

ለምን ይሄን ርዕስ መረጥኩ? 9ኛ ክፍል ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። የቦንዲንግ ማለትም አቶሞች እንዴት እንደሚያያዙ የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የማየው ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ፎርሙላ ይሸመድዳሉ! በደብተራቸው ጀርባ ሃምሳ ፎርሙላ ደርድረው ሌሊቱን ሲያነበንቡ ያድራሉ። ፈተና ላይ ሃምሳ አንደኛው ሲመጣ ግን ይጠፋባቸዋል። ልጆቼ፣ ፎርሙላ አይሸመደድም፤ ይሰላል። የአሥር ፖዘቲቭ አዮኖችንና የአሥር ኔጋቲቭ አዮኖችን ቻርጅ ያወቀ ልጅ መቶ ፎርሙላ በእጁ ነው። አሥር ጊዜ አሥር። ሃያ ነገር አውቆ መቶ ማግኘት እያለ ሃምሳ ሸምድዶ ሃምሳ ላይ መቅረት ለምን?

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ከጨው እንነሳ።

ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ይለቅና ፕላስ 1 ይሆናል። ክሎሪን ያንን ኤሌክትሮን ይወስድና ማይነስ 1 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ክሎራይድ እንለዋለን። ይሄን ታውቁታላችሁ። አሁን ልጠይቃችሁ። በጨው ውስጥ የጨው ሞለኪውል፣ ማለትም ተያይዞ ለብቻው የቆመ የአቶሞች ቡድን፣ አለ? «አለ» የምትሉ እጃችሁን አውጡ እስቲ። እሺ፣ አብዛኞቻችሁ። የለም! አንድም የለም።

ምክንያቱን ተመልከቱ። በአንዲት የጨው ቅንጣት ውስጥ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን ስድስት የክሎራይድ ጎረቤቶች አሉት። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት፣ ከኋላ። እያንዳንዱ ክሎራይድም እንዲሁ በስድስት ሶዲየም ተከቧል። ታዲያ ይሄ ሶዲየም የየትኛው ክሎራይድ ነው? የሁሉም ነው፤ የማንም ብቻ አይደለም። ሁለቱን ለይታችሁ «እነዚህ ጥንዶች ናቸው» ልትሉ አትችሉም። «ኤንኤ ሲኤል» ብለን ስንጽፍ እንግዲህ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለአንድ ሶዲየም አንድ ክሎራይድ። ሩዝ ስንቀቅል ለአንድ ስኒ ሩዝ ሁለት ስኒ ውሃ እንላለን አይደል? ድስቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ ልኩ ያው ነው። የአዮናዊ ውህድ ፎርሙላም ልክ እንደዚያ ምጣኔ ነው። የውሃ ፎርሙላ ግን ሌላ ነው። እሱ በእርግጥ አንድ ሞለኪውል ውስጥ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አሉ ማለቱ ነው። አጻጻፋቸው ይመሳሰላል፤ የሚሉት ነገር ግን ይለያያል።

ይሄን ለመቀበል የተቸገራችሁ ካላችሁ አይክፋችሁ። ትልልቆቹም ተቸግረዋል። በ1913 ዊልያም ሄንሪ ብራግና ልጁ ሎረንስ ብራግ የጨውን ክሪስታል በኤክስሬይ መርምረው ይሄን አደራደር አሳዩ። በ1915 አባትና ልጅ አብረው በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ልጁ ያኔ 25 ዓመቱ ነበር! ሆኖም ሄንሪ አርምስትሮንግ የሚባሉ ስመ ጥር እንግሊዛዊ ኬሚስት ነበሩ። በ1927 ማለትም ከ14 ዓመት በኋላ እንኳን «ጨው እንዴት ሞለኪውል የለውም ይባላል» ብለው ኔቸር መጽሔት ላይ ተቆጥተው ጽፈዋል። እሳቸው ሙሉ ዕድሜያቸውን ኬሚስትሪ የሠሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «አልገባኝም» ሲል ቁጣ አይገባውም። መምህራን፣ ይሄን ለእናንተም ለራሴም ነው የምለው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ አጻጻፉ።

ሕጉ አንድ ነው። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሲደመሩ ዜሮ መምጣት አለበት። ሌላ ሕግ የለም። ማግኒዚየም ቻርጁ ስንት ነው? ፕላስ 2። ክሎራይድስ? ማይነስ 1። አንድ ማግኒዚየም ስንት ክሎራይድ ይፈልጋል? ሁለት! ጎሽ። ስለዚህ ኤምጂ ሲኤል 2። አሉሚኒየም ፕላስ 3፣ ኦክሳይድ ማይነስ 2። ሁለት አሉሚኒየም ፕላስ 6 ይሰጣል፤ ሦስት ኦክሳይድ ማይነስ 6 ይሰጣል። ድምሩ ዜሮ። ኤኤል 2፣ ኦ 3። አለቀ።

ብዙዎቻችሁ ቻርጆቹን አቀያይሮ፣ የአንዱን ቻርጅ ቁጥር ከሌላው ምልክት ግርጌ የማውረዱን ዘዴ ተምራችኋል። ይሠራል፤ ግን ሳታስቡ ከተጠቀማችሁበት ጉድ ይሠራችኋል። ማግኒዚየምና ኦክሳይድን በዚያ ዘዴ ጻፉት እስቲ። «ኤምጂ 2፣ ኦ 2» ይወጣል። ልክ ነው? አይደለም። ፎርሙላው ምጣኔ ከሆነ 2 ለ 2 ማለት 1 ለ 1 ነው። ኤምጂ ኦ። ደግሞ እንዲህ ቁጥሩን የሚያቃልሉ ልጆች ሁሉንም ያቃልላሉ። ሶዲየም ፐርኦክሳይድ «ኤንኤ 2፣ ኦ 2» ነው። እሱን ወደ 1 ለ 1 ብታወርዱት ተሳሳታችሁ። ለምን? እዚያ ያሉት ሁለቱ ኦክስጅኖች ተያይዘው አንድ አዮን ናቸው፤ ቻርጁም ማይነስ 2 ነው። አንድን አዮን ለሁለት አንሰነጥቅም።

ይሄ ወደ ቅንፍ ያመጣናል። በቅንፍ ምክንያት የሚጠፋው ማርክ ብዛቱ! አሉሚኒየም ሰልፌትን ውሰዱ። አሉሚኒየም ፕላስ 3፣ ሰልፌት ማይነስ 2። ሁለት አሉሚኒየም፣ ሦስት ሰልፌት። ሰልፌት በራሱ አንድ ሰልፈርና አራት ኦክስጅን የያዘ አንድ አዮን ስለሆነ ቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ 3 ቁጥር ከቅንፉ ውጭ ትጻፋለች። ያቺ 3 ቅንፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታበዛለች። ሦስት ሰልፈር፣ አሥራ ሁለት ኦክስጅን። ከሁለቱ አሉሚኒየም ጋር 17 አቶም። ቅንፉን ከረሳችሁ ኦክስጅኑ 43 ሆኖ ይነበባል፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

አሉሚኒየም ሰልፌት የፈተና ፎርሙላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዋሽ መልካሳ ላይ የሚያመርተው ፋብሪካ አለን። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ድፍርስ ውሃ የሚያጠሩት በእሱ ነው። ውሃውን የሚያደፈርሱት ደቃቅ የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ገጻቸው ኔጋቲቭ ነው። ስለሚገፋፉ ቁጭ አይሉም፤ ቀኑን ሙሉ ተንሳፍፈው ይውላሉ። አሉሚኒየም ሲጨመር፣ ቻርጁ ስንት ነበር? ፕላስ 3! ያ ፕላስ 3 መገፋፋታቸውን ያፈርሰዋል። ተያይዘው ይወፍራሉ፤ ይዘቅጣሉ።

ብረት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ብረት ሁለት ዓይነት ቻርጅ አለው፤ ፕላስ 2 እና ፕላስ 3። ለዚህ ነው ስሙ ላይ የሮማ ቁጥር የሚጻፈው። ቁጥሩ የብረቱ ቻርጅ ነው እንጂ የአቶሙ ብዛት አይደለም። እናቶች፣ በእርግዝና ጊዜ ጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁ የደም ማነስ እንክብል ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ባለ ፕላስ 2 ብረት ነው። ለአንድ ብረት አንድ ሰልፌት። ባለ ፕላስ 3 ሲሆን ለሁለት ብረት ሦስት ሰልፌት ይሆናል። አንጀታችን ባለ ፕላስ 2ቱን በተሻለ ይወስዳል። ልዩነታቸው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ ሰውነት ግን ያውቀዋል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ጠባያቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ክፍል ነው።

በመጀመሪያ እሳትና ጨው። ስኳር ምጣድ ላይ ብታደርጉ 200 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ ይጠቁራል። ጨውስ? ይንጣጣል እንጂ አይቀልጥም። ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። የማንኛችንም ማድ ቤት ምጣድ እዚያ አይደርስም። ስኳር ሲቀልጥ የሚለያዩት ሞለኪውሎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መሳሳብ ደካማ ነው። ጨው ሲቀልጥ ግን ፖዘቲቩን ከስድስት ኔጋቲቭ ጎረቤቶቹ መነጠል አለባችሁ። ማግኒዚየም ኦክሳይድስ? እሱም እንደ ጨው 1 ለ 1 ነው። አደራደሩም ያው ነው። መቅለጫው ግን 2852 ዲግሪ! ለምን? ቻርጁ ስንት ነው? ፕላስ 2 እና ማይነስ 2። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት፤ መሳሳቡ አራት እጥፍ። በዚያ ላይ አዮኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ ይበልጥ ይቀራረባሉ። ብረት የሚቀልጥባቸው ምድጃዎች ውስጣቸው በማግኒዚየም ኦክሳይድ ጡብ የሚለበደው ለዚህ ነው። ብረቱ ይቀልጣል፣ ጡቡ ይችለዋል።

ቀጥሎ መሰበር። ልጅ ሆኜ እናቴ ድፍን ጨው በሙቀጫ ስትወቅጥ ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ ፍርካሹን እለቅም ነበር። አንዳንዷን በብርሃን ላይ ሳገላብጣት ፊቷ ልሙጥ ሆኖ ያበራል፤ ጠርዟ ቀጥ ያለ ነው፤ ማዕዘኗ የካሬ ማዕዘን ነው። ማንም አልሞረዳትም። እናቴ የመታችው እንደመጣላት ነው፤ ጨዉ ግን ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀ። ለምን? ስንመታው አንደኛው ረድፍ በአንድ እርምጃ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ፖዘቲቩ ፖዘቲቩ ፊት፣ ኔጋቲቩ ኔጋቲቩ ፊት ይቆማል። ተሳስበው የነበሩት በቅጽበት ይገፋፋሉ፤ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። መዳብ ቢሆን በመዶሻ ሲመታ ይሳሳል፣ ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም። በመዳብ ውስጥ እንደፈለጉ የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉ የረድፉ መንሸራተት ጠብ አያስነሳም። ዛሬ ቤት ስትገቡ ጠጠር ጨው አግኙና ሞክሩት። ዓይናችሁን ግን ጠብቁ።

ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪክ። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ አልነበረውም። የኬሚስትሪ መምህራችን ግን አንድ ቀን በፌስታል ዕቃ ይዘው ገቡ። አራት የባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ትንሽ ሽቦ፣ ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ የወጡ ሁለት ጥቁር የካርቦን ዘንጎች። ዘንጎቹን ደረቅ ጨው ውስጥ ተከሏቸው። አምፖሉ ጨለማ። በሌላ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ውስጥ ነከሯቸው። አሁንም ጨለማ። ከዚያ ጨውን ውሃው ውስጥ ጨምረው ማማሰል ጀመሩ። ያቺ አምፖል መጀመሪያ ቀላ አለች፣ ከዚያ በራች! ክፍሉ ተንጫጫ። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ዘንጎቹ ላይ ትንንሽ አረፋ ሲያድግ አየሁ፣ የበረኪና ሽታም ሸተተኝ። ክሎራይዱ ኤሌክትሮኑን እያስረከበ ክሎሪን ጋዝ እየሆነ ነበር።

ለምን ደረቁ ጨው አያስተላልፍም? ቻርጅ አለው፤ ግን ቻርጁ ከቦታው አይነቃነቅም። ውሃ ሲገባ አዮኖቹ ይፈታሉ፣ ይሄዳሉ። ማቅለጥም ያው ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 የቀለጠ ኮስቲክ ፖታሽ (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) ውስጥ ኤሌክትሪክ ልኮ ፖታሲየምን ያገኘው፣ ብዙም ሳይቆይ ሶዲየምን የደገመው በዚህ ነው። ውሃ ውስጥ አዮኖች በነጻነት ይዘዋወራሉ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ስዊድናዊው ስቫንቴ አረኒየስ ነው። በ1884 ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ላቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ መምህራኑ ዝቅተኛ ውጤት ሰጡት። በ1903 በዚያው ሥራ የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እዚህ ጋ አርሶ አደር ወላጆቻችንን ልጥራ። ዳፕና ዩሪያ ታውቃላችሁ። ሁለቱም ማዳበሪያ ናቸው፣ ሁለቱም ፍሬ ፍሬ ናቸው፣ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ለኬሚስትሪ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ዳፕ አዮናዊ ነው። አሞኒየም ፕላስ 1፣ ሃይድሮጅን ፎስፌት ማይነስ 2፤ ስለዚህ ለአንዱ ፎስፌት ሁለት አሞኒየም። ልብ በሉ፣ በውስጡ አንድም ብረታ ብረት የለም። «አዮናዊ ማለት ብረታ ብረትና ኢ-ብረታ ብረት ነው» ብላችሁ የጻፋችሁ ልጆች፣ ዳፕን ጨምራችሁ ደብተራችሁን አስተካክሉት። ዩሪያ ደግሞ ሞለኪውል ነው፤ 133 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የዳፕ ውሃ አምፖሏን ያበራል። ወዲያው የተበጠበጠ ንጹህ የዩሪያ ውሃ ግን አያበራም። ከንግግሩ በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱንም አዘጋጅተናል፤ መጥታችሁ በእጃችሁ ሞክሩ። አንድ አደራ ግን አለኝ። በባትሪ ድንጋይ ብቻ! ከግድግዳ ሶኬት ጋር በጭራሽ፣ በጭራሽ እንዳትሞክሩት። 220 ቮልት ሰው ይገድላል።

የቀረኝ መሟሟት ነው። «አዮናዊ ውህድ ሁሉ ውሃ ውስጥ ይሟሟል» የሚል አለ? ጨው ይሟሟል። የኖራ ድንጋይ ቢሟሟ ኖሮ ግን ዋሻም ገደልም በአንድ ክረምት ባለቀ ነበር። መሟሟት የሁለት ጉልበት ፍልሚያ ነው። በአንድ ወገን አዮኖቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ በሌላ ወገን ውሃ እያንዳንዱን ይስበዋል። ማን እንደሚያሸንፍ ቻርጁን ብቻ አይቶ መናገር አይቻልም። ለዚህ የትኛው ውህድ እንደሚሟሟ፣ የትኛው እንደማይሟሟ የሚዘረዝረውን የመሟሟት ሰንጠረዥ ማወቅ ግድ ነው። ሽምደዳን ስቃወም ብቆይም እዚህ ላይ ትንሽ አይቀርላችሁም።

ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ አስተምሬ ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ጥርሷ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረው። እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ከክፍሉ ብዙዎቹ እንደዚያ ነበሩ። «ጥርሳቸውን አይፍቁም» የሚላቸው ሰው ነበር። ስህተት ነው! በደንብ ይፍቃሉ። ችግሩ ውሃው ነው። ከዝዋይ፣ ከመቂ፣ ከወንጂ አካባቢ የመጣችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ።

በዚያ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይይዛል። ፍሎራይድ ቻርጁ ስንት ነው? ማይነስ 1። ውሃው ውስጥ ካልሲየም በብዛት ቢኖር፣ አንድ ካልሲየም ሁለት ፍሎራይድ ይዞ ካልሲየም ፍሎራይድ ሆኖ ይዘቅጥ ነበር፤ እሱ በአንድ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች ነው የሚሟሟው። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን በሶዲየም የበለጸገ፣ በካልሲየም የደኸየ ነው። ሶዲየም ፍሎራይድ በሊትር ወደ 40 ግራም ይሟሟል። ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚያዘቅጠው አጥቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ከውሃው ወደ ልጆች ጥርስ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥርስ እያበቀሉ ያሉ ሕፃናት ይጎዳሉ፤ በጣም ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ወላጆች፣ ይሄን ጉዳት መፋቅም ሳሙናም አያስለቅቀውም። የሚከላከለው ልጁ ገና ሕፃን ሳለ የሚጠጣው ውሃ ሲስተካከል ነው። በየአካባቢያችሁ ስለ ጉድጓድ ሲወራ «ፍሎራይዱ ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እባካችሁ ጠይቁ።

መፍትሔም አለ። አንዱ በአገራችንም የተሠራበት የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶ ማጣሪያ ውስጥ ይገባል። የአጥንት ማዕድን ካልሲየም፣ ፎስፌትና ሃይድሮክሳይድ ይዟል። ሃይድሮክሳይድ ቻርጁ ስንት ነው? ማይነስ 1። መጠኑም ከፍሎራይድ ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ውሃው በአጥንቱ ውስጥ ሲያልፍ ሃይድሮክሳይዱ ይወጣል፣ ፍሎራይዱ ቦታውን ይይዛል። የቻርጅ ሂሳቡ አይዛባም፤ አንድ ማይነስ ወጣ፣ አንድ ማይነስ ገባ። ጥርሳችን ላይም የሚደረገው ይሄው ለውጥ ነው። በልኩ ሲሆን ያጠነክረዋል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው።

ወደ ጠረጴዛው ከመሄዳችን በፊት አንድ ፎርሙላ እሰጣችኋለሁ። ካልሲየም ፎስፌት። ካልሲየም ፕላስ 2፣ ፎስፌት ማይነስ 3። ፎስፌት አንድ ፎስፈረስና አራት ኦክስጅን ያለው አንድ አዮን ነው፤ ቅንፉን እንዳትረሱ። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ አቶሞቹንም ቁጠሩ። 13 ያልመጣለት ከወላጁ ጋር አብሮ ይየው፤ ከዚያ ወደ እኔ ይምጣ፣ አብረን እንሠራዋለን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።